የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የአሸንቬል ደን፣ ታሪኩና መልክዓ ምድሩ

ባለፈው እትም «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ስለተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ በጥቅሉ ከጻፍን በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ያተኮሩት በአንድ ቦታ ላይ ነው፤ ይኸውም አሸንቬል የሚባለው ሰፊ ደን ነው። ብሊዛርድ ኢንተርቴይንመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጨዋታውን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 ሲሆን፣ ደኑ ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በወጣው ሦስተኛው የ«ዋርክራፍት» ጨዋታ ውስጥ ለተጫዋቾች የታወቀ ነበር። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ደን ሰጥተነዋል።

ከባሕር ዳር የተላከ ጥያቄ፦ «ጨዋታውን በቀድሞ መልኩ፣ ማለትም ‹ክላሲክ› በሚባለው ሰርቨር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ጀምሬአለሁ። የምጫወተው የሌሊት ኤልፍ ሆኜ ነው፤ ደረጃ 18 ላይ ስደርስ ወደ አሸንቬል እንድሄድ ታዘዝሁ። ቦታው በየት በኩል ነው? መልክዓ ምድሩን በሚገባ ለማየትስ በየትኛው መንገድ ብገባ ይሻላል?»

መልስ፦ አሸንቬል የሚገኘው ካሊምዶር በተባለው አህጉር በሰሜናዊው ክፍል ነው። በሰሜን ምዕራብ ዳርክሾር ከሚባለው ጭጋጋማ የባሕር ዳርቻ፣ በሰሜን በአጋንንት መርዝ ከተበከለው የፌልዉድ ደን፣ በምሥራቅ ከአዝሻራ፣ በደቡብ ባረንስ ከሚባለው ደረቅ ሜዳ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ከስቶንታሎን ተራሮች ጋር ይዋሰናል። በምዕራብ በኩል ዞራም በተባለ አሸዋማ ዳርቻ ከባሕር ጋር ይገናኛል። በክላሲክ ክልሉ የተዘጋጀው ከደረጃ 18 እስከ 30 ገደማ ላሉ ተጫዋቾች ስለሆነ፣ የሚሄዱበት ጊዜ ትክክለኛው ነው።

ለሌሊት ኤልፍ፣ ማለትም በጨዋታው ካሉት ዘሮች የዚህ ደን ነዋሪ ለሆነው፣ ቀጥተኛው መግቢያ ከዳርክሾር ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ነው፤ እኔም የምመክርዎ ይህንኑ ነው። ዳርክሾር ግራጫማና ቀዝቃዛ አገር ነው። ድንበሩን ሲሻገሩ ግን ብርሃኑ በጥቂት እርምጃዎች ውስጥ ይለወጣል፤ አየሩ ወደ ሐምራዊነት ያደላል፣ ግንዶቹ እየወፈሩ ሥሮቻቸው ከመሬት በላይ ይታያሉ፣ ቅርንጫፎቹም ከራስዎ በላይ ተገናኝተው ሰማዩን ይሸፍናሉ። ይህ ስሜት የተፈጠረው በብዙ ሺህ ዛፎች አይደለም። በ2004 የነበሩት የቤት ኮምፒውተሮች እውነተኛ ጥቅጥቅ ደን ለመሳል አቅም ስላልነበራቸው፣ ሠዓሊዎቹ የተጠቀሙት በቀለም ነው፦ ለክልሉ የራሱን የሰማይ ብርሃንና የራሱን ጭጋግ ሰጡት፤ በሩቅ ያለው ነገር ሁሉ በዚያ ሐምራዊ ጭጋግ ውስጥ ስለሚጠፋ ዓይን ከጭጋጉ ጀርባ ማለቂያ የሌለው ደን እንዳለ ያምናል። ቆም ብለው ዛፎቹን አንድ በአንድ ቢቆጥሯቸው ከጠበቁት በታች ሆነው ያገኟቸዋል፤ ነገር ግን ሲራመዱ ይህን ፈጽሞ አያስቡትም። እኔ ይህን የሥዕል ጥበብ በጣም አደንቃለሁ፤ ብዙ ኋላ የተሠሩና እጅግ የላቀ ቴክኖሎጂ የያዙ ጨዋታዎች ቅጠል በቅጠል የተሣለ ደን ቢያቀርቡም፣ ጫካ ውስጥ የመግባትን ስሜት እንዲህ በአጭር መንገድ ያመጡት ጥቂቶች ናቸው።

መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲቀጥል አስትራናር ይደርሳሉ። አስትራናር በሐይቅ መካከል ባለ ደሴት ላይ የተሠራች አነስተኛ የኤልፎች ሰፈር ናት፤ በምሥራቅና በምዕራብ ባሉ ሁለት ድልድዮች ከመንገዱ ጋር ትገናኛለች። አገሩን አቋርጦ የሚያልፈው ዋናው መንገድ በመካከሏ ስለሚያልፍ፣ ሰላማዊ መንገደኛም ጠላትም በእርሷ በኩል ማለፍ ይቀናዋል፤ በሁለቱ የጨዋታው ታላላቅ ወገኖች፣ ማለትም በአሊያንስና በሆርድ ተጫዋቾች መካከል ከጥንት ጀምሮ በድልድዮቿ ላይ ግጭት የሚበዛውም ስለዚህ ነው። ከአስትራናር ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ፋልፋረን የተባለውን ወንዝ ይሻገራሉ፤ ከወንዙ ማዶ ስፕሊንተርትሪ የሚባለውን፣ ከሆርድ ወገን የሆኑትን የኦርኮች ዘር ሰፈር፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዝሻራ ድንበር ሲጠጉ የዋርሶንግን የእንጨት ካምፕ ያያሉ። እዚያ ዛፎቹ ያልቃሉ። የቆሙት ጉቶዎች ናቸው፤ ግንዶች ተከምረዋል፣ ጣራው የተነሣለት መሬት ቀጥታ ፀሐይ ይመታዋል።

ጉዞዎን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንዲያደርጉ የምመክርዎ በዚህ ምክንያት ነው፤ በመጀመሪያ ደኑን በጥንቱ መልኩ ያዩታል፣ ቀጥሎ ጦርነቱ የደረሰበትን፣ በመጨረሻም መጥረቢያ የጨረሰውን። የክልሉን ታሪክ ማንም ሳይነግርዎ በእግርዎ ያነቡታል። በክላሲክ የመጀመሪያው መጋለቢያ የሚገኘው በደረጃ 40 ስለሆነ በእግር መሄድዎ የማይቀር ነው፤ ይህንንም እንደ ጉዳት አይቁጠሩት።

ከአዳማ የተላከ ጥያቄ፦ «እኔ የሆርድ ወገን ሆኜ ስጫወት ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በአሊያንስ በኩል ይጫወታል። ሁልጊዜ ‹እናንተ ደን አጥፊዎች ናችሁ› ይለኛል። ኦርኮች በአሸንቬል ዛፍ መቁረጥ የጀመሩት ለምንድን ነው? በእርግጥስ ጥፋተኞቹ እነርሱ ናቸው?»

መልስ፦ ጥያቄው የክልሉ ዋና ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልስልዎታለሁ።

በጨዋታው ታሪክ መሠረት የሌሊት ኤልፎች በዚህ ደን መኖር የጀመሩት ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ቀደም ንግሥት አዝሻራና መኳንንቷ ዘላለማዊ ጉድጓድ በተባለው የአስማት ምንጭ ያለ ልክ በመጠቀማቸው «የሚነደው ሌጌዎን» የተባለውን የአጋንንት ሠራዊት ወደ ዓለም ጠሩ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ጉድጓዱ ፈንድቶ ምድር ተሰነጠቀች። የተረፉት ኤልፎች አስማትን ትተው፣ የጨረቃ አምላክ የሆነችውን ኤሉንን እያመለኩ፣ በሀይጃል ተራራ ላይ ዘንዶዎች የተከሉትን ኖርድራሲል የተባለውን የዓለም ዛፍ ይጠብቁ ጀመር። በዛፉ በረከት ሞትና እርጅና ራቁላቸው። ድሩይድ የሚባሉት፣ የተፈጥሮን ኃይል የሚጠቀሙት ወንዶች ሴናሪየስ ከተባለው፣ ገሚሱ አጋዘን ገሚሱ ኤልፍ ከሆነው የደን ጌታ ተምረው ለረጅም ዘመናት እንቅልፍ ውስጥ ሲገቡ፣ ደኑን በቀስት የሚጠብቁት «ሴንቲኔል» የሚባሉት ሴቶች ወታደሮች ነበሩ። ለእነርሱ አሸንቬል ለብዙ ሺህ ዓመት ማንም ያልደፈረው ርስት ነው።

ኦርኮቹ የመጡት ከሌላ ዓለም ሲሆን፣ በምሥራቁ አህጉር ከደረሰባቸው ሽንፈትና ምርኮ በኋላ ትራል በተባለ ወጣት መሪ ባሕር ተሻግረው ካሊምዶር ገቡ። የሰፈሩበት ዱሮታር ቀይ አፈርና ድንጋይ ብቻ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ባረንስ ደግሞ ደረቅ ሜዳ ነው። ቤት ለመሥራት፣ አጥር ለማጠር፣ ለማገዶም ቢሆን በቅርብ የሚገኝ በቂ እንጨት ያለው በሰሜን፣ በአሸንቬል ብቻ ነበር። ትራል የዋርሶንግ ጎሣ አለቃ የሆነውን ግሮም ሄልስክሪምን ትእዛዝ ጥሶ ሰዎችን በመውጋቱ ከግንባር አንሥቶ፣ እንጨት እንዲያዘጋጅ ወደዚያ ላከው።

እዚህ ላይ በ2002 የወጣው ጨዋታ ያደረገውን ልብ ይበሉ። ተጫዋቹ ግሮምን የሚያዝ ራሱ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር እንጨት ሰብስብ ተብሎ ይታዘዛል፤ የኦርኮቹ ሠራተኞች በቆረጡ ቁጥር ዛፎቹ አንድ በአንድ ከማያ ገጹ ይጠፋሉ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ያው ተጫዋች የሌሊት ኤልፎች መሪ በሆነችው በታይራንዲ በኩል ሆኖ ያንኑ ደን ይከላከላል። የኤልፎቹ ሠራተኞች ብርሃን መሰል መንፈሶች ሲሆኑ እንጨት የሚያገኙት ዛፉን ሳይቆርጡ በዙሪያው በመብረር ብቻ ነው፤ ሕንፃዎቻቸውም ሥራቸውን ነቅለው የሚራመዱ ሕያዋን ዛፎች ናቸው። ሁለት ሕዝቦች ደንን የሚያዩበት መንገድ ምን ያህል እንደሚራራቅ በንግግር ሳይሆን በጨዋታው ሕግ ተገልጿል። በእኔ አስተያየት በዚህ ተከታታይ ጨዋታ ውስጥ ከዚህ የበለጠ በሳል ሥራ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው መራራ ነው። ሴናሪየስ በኦርኮቹ ደም ውስጥ የአጋንንትን ርኩሰት ስላሸተተ የጠላት አገልጋዮች ናቸው ብሎ በሙሉ ኃይሉ ተነሣባቸው። ግሮም ጎሣው ሊያልቅ ሲል ማኖሮት የተባለው የአጋንንት ጦር አዛዥ ደም የፈሰሰበትን ምንጭ ጠጣ፤ በዚያ ኃይል ሴናሪየስን ገደለ፣ ራሱም ዳግመኛ የማኖሮት ባሪያ ሆነ። ትራል የሰዎች ወገን በሆነችው በጄይና ፕራውድሙር እርዳታ ነፃ ካወጣው በኋላ ሁለቱ ወዳጆች ማኖሮትን በአንድ ሸለቆ ውስጥ ገጠሙት። ግሮም በመጥረቢያው ማኖሮትን ገደለ፤ ከአጋንንቱ አካል በፈነዳው እሳትም ሞተ። ያ ሸለቆ ዛሬም በአሸንቬል ደቡብ ምሥራቅ ይገኛል፤ ሆርዶች ለግሮም ያቆሙት የመታሰቢያ ድንጋይ በዚያ አለ። እርስዎ በሆርድ በኩል ስለሚጫወቱ ሄደው እንዲያነቡት እመክራለሁ፤ አካባቢው በአጋንንት የተሞላ ስለሆነ ግን ብቻዎን አይሂዱ።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? የኦርኮቹ ችግር እውነተኛ ነበር፤ በረሃ ላይ የወደቀ ሕዝብ ያለ እንጨት መኖር አይችልም። ሴናሪየስም ሳይጠይቅ ፈርዷል፤ ለሞቱም ለግሮም ውድቀትም ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይህ ፍርዱ ነው። ነገር ግን ደኑ ባለቤት ነበረው፤ ከባለቤቱ ጋር ሳይነጋገሩ መጥረቢያ ማንሣት በችግር ብቻ የሚጸድቅ አይመስለኝም። በኋላ ዘመን የኦርኮቹ ዋና ከተማ ኦርግሪማር በድንጋይና በብረት ከቆመች በኋላም የዋርሶንግ ካምፕ ደኑን መቁረጥ አላቆመም፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ምክንያት አብቅቷል። ስለዚህ ለወንድምዎ የመጀመሪያውን ቆራጭ መከላከል ይችላሉ፤ የመጨረሻውን ግን መከላከል ይከብድዎታል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የተላከ ጥያቄ፦ «በደኑ ውስጥ በሌሊት እየተንሳፈፉ የሚያልፉት ሰማያዊ ብርሃኖች ምንድን ናቸው? ልጄ ‹መናፍስት ናቸው› ብላ ፈርታ ነበር።»

መልስ፦ ልጅዎ በትክክል ተረድታለች፤ መፍራት ግን አያስፈልጋትም። «ዊስፕ» የሚባሉት እነዚህ ብርሃኖች የሞቱ የሌሊት ኤልፎች ነፍሳት ናቸው። ከላይ ዛፍ ሳይቆርጡ እንጨት የሚሰበስቡ ያልኋቸውም እነርሱ ናቸው። የሌሊት ኤልፍ የሆነ ተጫዋች ሲሞት ወደ ሬሳው የሚመለሰው እንደ ሌሎቹ ዘሮች በጥላ መልክ ሳይሆን በዚሁ ብርሃን መልክ ነው። በ2002ቱ ታሪክ ማብቂያ ላይ የአጋንንቱ ጌታ አርኪሞንድ ወደ ዓለም ዛፍ ሲወጣ፣ እልፍ አእላፍ ዊስፖች ከበውት ራሳቸውን በማፈንዳት አጠፉት፤ ኤልፎቹም ያን ዕለት የማይሞት ሕይወታቸውን አጡ። ለልጅዎ የቀድሞ የደኑ ጠባቂዎች መሆናቸውን ቢነግሯት ይበቃል።

ከሐይፋ የተላከ ጥያቄ፦ «በአሸንቬል የማየው ሁሉ የሁለቱ ወገኖች ጦርነት ብቻ ነው። ከጦርነቱ ውጭ የሆነ፣ በጥሞና የሚነበብ ታሪክ በዚህ ደን ውስጥ የለም?»

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም እጅግ የምወዳቸው ሁለት ታሪኮች በዚሁ ደን ይጀምራሉ። ሁለቱንም የሚያገኙት በክላሲክ፣ በአሊያንስ በኩል ነው።

የመጀመሪያው በአስትራናር የምትገኘው ሬኒ ዉልፍራነር የምትሰጠው ረጅም ተልዕኮ ነው። በደኑ የሚኖሩት ፈርቦልግ የሚባሉት፣ ድብ የሚመስሉ ሕዝቦች ቀድሞ የኤልፎቹ ወዳጆች ነበሩ፤ የአጋንንቱ ብክለት ግን አእምሯቸውን አናውጦ የመጣውን ሁሉ የሚያጠቁ አድርጓቸዋል። ተልዕኮው ቴሮኒስ የተባለን የጠፋ ሰው በመፈለግ ይጀምራል፤ ያገኙታል፣ ነገር ግን በሐይቁ ዳር ሬሳውን ነው። እርሱ የጀመረውን እርስዎ ይቀጥላሉ፤ የዳርቶል በትር የተባለ ዕቃ ክፍሎችን ከየስፍራው ሰብስበው ያስጠግናሉ። በትሩ የያዘውን ሰው ለጥቂት ጊዜ ፈርቦልግ ያደርገዋል። በዚያ መልክ ወደ ሰፈራቸው ሲገቡ አንድ ሽማግሌ ፈርቦልግ፣ ክሮልግ ይባላል፣ ያናግርዎታል፤ እስከዚያ ድረስ እንደ አውሬ ሲያዩት የነበረው ጎሣ መሪ፣ ቂምና የውስጥ ጠብ ያለው ሕዝብ መሆኑን ያን ጊዜ ያውቃሉ። በትሩን ከተልዕኮው በኋላም ስለማይወስዱብዎ ብዙ ተጫዋቾች ለዓመታት ይይዙታል።

ሁለተኛው የቬሊንዲ ስታርሶንግ ታሪክ ነው፤ እኔ ከመጀመሪያውም አስበልጠዋለሁ። አንዲት ሴንቲኔል በአሸንቬል ወዳለው፣ ተኩላ መሰል ዎርገኖች ወደ ሰፈሩበት ሸለቆ ትልክዎታለች። በሸለቆው ቤተ መቅደስ የሚገኘውን መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ ቬሊንዲ በፌልዉድ ከአጋንንት ጋር እንድትዋጋ የተላከች ወታደር እንደነበረች ይረዳሉ። ጠላቷ ብዙ፣ ጓዶቿ ጥቂት ስለነበሩ ወደ ኤሉን ጸለየች፤ የኤሉን ማጭድ የተባለው መሣሪያም በእጇ ገባ። ማጭዱ ዎርገኖችን ከሌላ ስፍራ ይጠራል። በመጀመሪያ አጋንንቱን ድል አደረጉላት፤ ቀጥሎ ግን ሳትጠራቸውም መምጣት ጀመሩ፣ ትእዛዟንም አልሰሙም። እርሷም ይህን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ባሕር ተሻግራ ሄደች። እርስዎ ዱካዋን ተከትለው ከኤልፎቹ ዋና ከተማ ከዳርናሰስ ወደ ራቼት ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ቡቲ ቤይ፣ ከዚያም ዳስክዉድ ወደተባለው ሌላ ጨለማ ደን ይሄዳሉ፤ ፍለጋው ዎርገኖች በሞሉት አንድ የማዕድን ጉድጓድ ላይ ይቆማል። ሽልማቱ ትንሽ፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው ጀምሮ ይተወዋል። ይህን እንዳያደርጉ እለምንዎታለሁ፤ ደግ ሰው በቅን ልቡ የለመነው ኃይል ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ይህን ያህል በትዕግሥት የሚተርክ ተልዕኮ በጨዋታው ውስጥ ብዙ የለም። በኋላ የወጡት ታሪኮች ለዎርገኖች ሌላ፣ ከጥንት ድሩይዶች የሚነሣ ምንጭ ሰጥተዋቸዋል፤ የቬሊንዲ ታሪክ ግን በክላሲክ እንዳለ ይገኛል።

ከደሴ የተላከ ጥያቄ፦ «በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ያለው የፈረሰ ቤተ መቅደስ ምንድን ነው? መግቢያው ከውኃው በታች ይወርዳል።»

መልስ፦ ብላክፋዞም የሚባለው ይህ ዋሻ ቀድሞ የኤሉን ቤተ መቅደስ ነበር። ምድር በተሰነጠቀች ጊዜ ባሕር ዋጠው፤ ከዚያ በኋላ ናጋ የተባሉት፣ ከውኃው በታች መልካቸው ወደ እባብነት የተለወጠ የጥንት ኤልፎች፣ ከእነርሱም ጋር የዓለምን ፍጻሜ የሚሰብኩ አምላኪዎች ያዙት። በጥልቁ አኩማይ የተባለውን ባለ ብዙ ራስ አውሬ ያመልካሉ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ የፈራረሱ የጨረቃ አምልኮ ሐውልቶችን እያዩ ከሥራቸው የአውሬውን ደቀ መዛሙርት መዋጋት፣ በክልሉ ካሉት ሁሉ ይልቅ ያለፈው ዘመን ምን ያህል እንደራቀ ያስገነዝባል። ዋሻው በመጀመሪያ ለ5 ተጫዋቾች የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር መጨረሻ 2023 በተከፈተው ልዩ የክላሲክ ወቅት ግን ደረጃው በ25 ተገድቦ፣ ዋሻው ለ10 ሰው የሚሆን ትልቅ ፈተና ተደርጎ ተሠርቷል፤ በዚያው ወቅት በደኑ ውስጥ የሁለቱ ወገኖች የጋራ ጦርነትም ተጨምሯል።

ከዱባይ የተላከ ጥያቄ፦ «ይህን ጨዋታ በወጣትነቴ ተጫውቼ፣ ለሥራ አገር ከለቀቅሁ ወዲህ ትቼው ነበር። አሁን በዘመናዊው ሰርቨር ተመልሼ ብገባ የማውቀው ደን እየነደደ አገኘሁት። ምን ሆነ?»

መልስ፦ እርስዎ ባልነበሩበት ጊዜ ደኑ ሁለት ትላልቅ መከራዎች ደርሰውበታል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 «ካታክሊዝም» ከተባለው ማስፋፊያ ጋር መጣ። ዘንዶው ዴዝዊንግ ምድርን ሲያናውጥ በአሸንቬል ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ በዚያው ዘመን የግሮም ልጅ ጋሮሽ የሆርድ መሪ ሆኖ በደኑ ላይ ሙሉ ጦርነት ከፈተ። ለአሊያንስ ተጫዋች አስትራናር ሲደርስ የሚቀበለው እሳት ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ የሚነዱትን ቤቶች ማጥፋት ነው። በደቡብ የነበረው ሲልቨርዊንድ የተባለው የኤልፎች መጠለያ በሆርድ እጅ ገብቷል። ያዩት ይህንኑ ነው። ለለውጡ ያለኝ ስሜት የተደበላለቀ ነው፤ ታሪኩ ወደፊት መሄዱ ተገቢ ቢሆንም፣ በእርጋታ ይነበብ የነበረው ደን ከዳር እስከ ዳር የጦር ሜዳ በመሆኑ ብዙ ጸጥታው ጠፍቷል፤ ከላይ የጠቀስኋቸው ዓይነት ቀስ ብለው የሚገለጡ ታሪኮችም ቦታ አጥተዋል።

ሁለተኛው የመጣው በ2018 ክረምት፣ «ባትል ፎር አዜሮት» የተባለው ማስፋፊያ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። የሆርድ ሠራዊት በወቅቱ የሆርድ መሪ በነበረችው በሲልቫናስ ትእዛዝ፣ በሽማግሌው ጦር አዛዥ በሳውርፋንግ መሪነት አሸንቬልን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አቋርጦ ዳርክሾር ደረሰ፤ በመጨረሻም ዳርናሰስን በቅርንጫፎቹ ላይ የተሸከመው የቴልድራሲል ዛፍ ከነነዋሪዎቹ ተቃጠለ። የመጣንበትን መንገድ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነበበውን፣ ሠራዊቱ በተቃራኒው ሄዶበታል። በዚያ ጊዜ የተቆጡት የአሊያንስ ተጫዋቾች ብቻ አልነበሩም፤ ብዙ የሆርድ ተጫዋቾችም ይህ በስማችን ሊሠራ አይገባም ብለው ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ ሳውርፋንግ ራሱ ከሲልቫናስ መለየት የጀመረው ከዚያ ዕለት ጀምሮ ነው።

ስለ ቀጣዩ ደግሞ የሚያጽናና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በወጣው የ«ድራገንፍላይት» ክፍል አሚርድራሲል የተባለ አዲስ የዓለም ዛፍ አድጓል፤ በ2024 መጀመሪያ ላይም ኤልፎቹ በሥሩ ቤልአሜት የተባለ አዲስ መኖሪያ አግኝተዋል። የቀድሞውን አሸንቬል ለማየት ከፈለጉ ግን ከ2019 ጀምሮ ከተከፈቱት የክላሲክ ሰርቨሮች አንዳንዶቹ በ2004 ዓመታት የነበረውን መልክ ይዘው ይገኛሉ፤ የጨዋታው ወርኃዊ ክፍያ ለሁለቱም ያገለግላል።

ከጂማ የተላከ ጥያቄ፦ «የደን ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በጨዋታው ደን ውስጥ አንድ ብቻውን ሄጄ ላየው የሚገባ ዛፍ ካለ ንገሩኝ። ዋርሶንግ ጋልች የሚባለው የውጊያ ሜዳስ ከደኑ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። በ2005 የተከፈተው ዋርሶንግ ጋልች በአሸንቬልና በባረንስ ድንበር ላይ ያለ ሸለቆ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ 10 ተጫዋቾች ከ10 ተጫዋቾች ጋር ይፋለሙበታል፤ የጠላትን ባንዲራ ሦስት ጊዜ ወደ ምሽጉ ያመጣ ያሸንፋል። በታሪኩ ውስጥ ኦርኮቹ እንጨት ቆራጮቻቸውን፣ ሲልቨርዊንግ የተባሉት የኤልፍ ወታደሮች ደግሞ ደናቸውን ለመጠበቅ የሚዋጉበት ስፍራ ነው። ከኤልፎቹ ወገን ወደ ኦርኮቹ ሲሮጡ ከለምለሙ ዛፍ ወደ ቀይና ገላጣ መሬት የሚሻገሩትም ለዚሁ ነው፤ ባንዲራ ሲያሳድዱ ይህን ለማየት ጊዜ ስለማይኖር በሚቀጥለው ጊዜ ከግቢው ሳይወጡ በፊት ዙሪያውን ይመልከቱ።

ስለ ዛፉ ደግሞ፣ ሊያዩት የሚገባው በደኑ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ባው ሻዶው በተባለው ስፍራ የቆመው ታላቁ ዛፍ ነው። እንደ አገራችን አድባር ዛፍ ማንም በመጥረቢያ የማይነካው፣ ሲጠጉት ድምፅ የሚቀነስበት ዓይነት ነው። በግንዱ ውስጥ ወደ ኤመራልድ ሕልም የሚወስድ በር አለ፤ ኤመራልድ ሕልም ማለት ዓለም ማንም ሳይነካት፣ ከተማም እርሻም ሳይሠራባት ብትኖር ምን ትመስል እንደነበር የሚያሳይ፣ ድሩይዶቹ በእንቅልፋቸው የሚኖሩበት ስፍራ ነው። እንዲህ ያሉ ዛፎች በዓለሙ ውስጥ አራት ናቸው፤ ሌሎቹ በፌራላስ፣ በሂንተርላንድስና በዳስክዉድ ይገኛሉ። የዋርሶንግ ካምፕ ከባው ሻዶው ብዙም የማይርቅ መሆኑ ለደን ሳይንስ ተማሪ የሚያስተምረው ነገር አለ፦ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ቢያዩ በአንድ ክልል ውስጥ የተጠበቀና የተመነጠረ ደን ጎን ለጎን ያገኛሉ፤ ከጉቶዎቹ ወደ ታላቁ ዛፍ ሲሄዱ የመሬቱ ሽፋን፣ ጥላውና የእንስሳቱ ዓይነት እንዴት እንደሚለወጥ ያስተውሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዛፉን አረንጓዴ ዘንዶ መሰል ጠባቂዎች ስለሚጠብቁትና ኃይላቸውም ወደ ደረጃ 60 ስለሚጠጋ፣ በክልሉ ደረጃ ያለ ተጫዋች ከሩቅ ቢመለከተው ይሻለዋል። በጥቅምት 2005 ከተጨመሩት አራት የቅዠት ዘንዶዎች አንዱ በዛፉ ሥር የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ እርሱን ለመግጠም እስከ 40 ሰው የሚደርስ ቡድን ያስፈልጋል። ኢሶንድሬ፣ ሌቶን፣ ኤመሪስና ቴራር የተባሉት እነዚህ ዘንዶዎች በየጊዜው ቦታ ስለሚቀያየሩ፣ አንዱን ለይተው የሚፈልጉ ከሆነ በአራቱም ዛፎች ዘንድ የሚቃኝ ሰው አስቀድመው ማስቀመጥ ይኖርብዎታል።